ሸዋል በሰፈራችን



ስለ ረመዳን ብዙ ተጽፏል፤ ኢንሻ አላህ ገናም ይጻፋል። ረመዳን ሲወጣ ስለሚገባው ወር ግን እምብዛም አናወጋም። የዒድ ልብስ ታጥቦ ከተሰቀለ፣ የተራዊሕ ሰፍም ከተበተነ በኋላ ያለው ጊዜ ለብዙዎቻችን ስም የሌለው ጊዜ ነው። ሥራ፣ ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ ኳስ ሜዳ፣ የዘመድ ቤት። «ታዲያ ይህ ምን ይጻፍለታል?» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ጾማችን ምን እንዳተረፈልን የሚታየው በዚሁ በተራው ወር ውስጥ ነው ባይ ነኝ። ለምሳሌ ይሆነኝ ዘንድ በ1446 ዓመተ ሒጅራ ደሴ ላይ ያሳለፍነውን አንድ ሸዋል ላጫውታችሁ።

ዒድ አል-ፊጥር የዋለው እሑድ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። በማግስቱ እናቴ ሁላችንንም ሰብስባ ቡና እያቀረበች፣ «ረመዳንን ለአላህ ብላችሁ ጾማችኋል፤ አላህ ይቀበላችሁ። ሸዋልን ደግሞ ለአላህ ብላችሁ ዘመድ ጠይቁልኝ» አለችን። ታናሽ ወንድሜ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ «እማ፣ ለሁሉም ደውዬ ‹ዒድ ሙባረክ› ብያለሁ እኮ። ለኮምቦልቻዋ አክስታችንም በባንክ ልኬላታለሁ» አላት። እናቴም ፈገግ ብላ፣ «አብሽር፣ ሸጋ አድርገሃል። ብሩ ደርሷታል፤ አንተ ግን አልደረስክላትም» አለችው። ከዚያ የምንሄድባቸውን ቤቶች በጣቷ እየቆጠረች ዘረዘረችልን። በመጨረሻ የጠራቻቸው ሁለት ቤቶች የሁለቱ ወንድሞቿ ነበሩ። እነዚያን ስትጠራ ድምጿ ዝቅ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቶቼ የሚኖሩት ከአያቴ በወረሱት ግቢ ነው። ግቢው በ2010 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል አጥሩ አንድ ክንድ ወዲህ ነው፣ የለም ወዲያ ነው በሚል ተጣሉ። ከዚያ ወዲህ አንዱ የአንዱን በር አልረገጠም። መስጊድ ውስጥ እንኳ አንዱ ከፊት ሲሰገድ ሌላው ከኋላ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሁለቱም ቤተሰቦች ተሰደዱ። ሲመለሱ ሁለቱም ቤቶች ተዘርፈው ጠበቋቸው። አጥሩ ግን እንደቆመ ነበር፤ ኩርፊያውም እንዲሁ። እናቴ ታላቅ እህታቸው ናት። ብዙ ጊዜ ለየብቻ አስቀምጣ፣ «እኔ ስሞት ቃሬዛዬን ልትሸከሙ ሁለታችሁም መምጣታችሁ አይቀርም፤ ተኳርፋችሁ እንድትሸከሙኝ አልሻም» ትላቸው ነበር። ሁለቱም «እሺ እትዬ» ይላሉ፤ ነገሩም እዚያው ይቀራል።

የመጀመሪያው ጉዟችን ወደ ኮምቦልቻ ሆነ። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት የተነሣ ሰው መንገድ የሚወጣው ጠዋት ደኅንነቱን ጠይቆ ነበር። እኛም ጠይቀን፣ ዱዓችንን አድርገን ተሳፈርን። የሐረጎን ቁልቁለት እንደጨረስን የደሴ ብርድ ቀረና ሙቀቱ ተቀበለን።

አክስቴ በስልክ ሁልጊዜ «ደኅና ነኝ፣ አልሐምዱ ሊላህ» ነበር የምትለን። ቤቷ ገብተን ቡና ስትቀዳ ግን አንድ ነገር አየሁ። ሲኒው መሙላቱን የምታውቀው ጣቷን ከአፉ ላይ አድርጋ ነው። ዓይኗ ከድቷት ኖሯል። «ለምን አልነገርሽንም?» ብንላት፣ «እናንተን ላላስጨንቅ ብዬ ነው» አለች። በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ስትታይ የዓይን ሞራ ሆኖ ተገኘ። የዓይን ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና የሚታከም ነው፤ ቀጠሮም ተሰጣት። ውድ አንባብያን ሆይ! ስልክ የሰውን ድምፅ ያሰማል፤ ጣቷን ሲኒው ላይ ማድረጓን ግን ስልክ አይነግረንም። ዝምድናን መቀጠል ሲሳይን እንደሚያሰፋና ዕድሜን እንደሚያረዝም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። በዚያ ዕለት የተመለከትኩት የዚህን ትርጉም ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ከሸዋል ስድስት ቀናት ጾም የቀረንን ጨረስን። ከዚያም አንድ እሑድ ጠዋት የሰፈሩን ልጆች ይዤ ወደ ጦሳ ተራራ ወጣን። ከላይ ሆነው ሲያዩት መላው ደሴ ከሥር ተኝቶ ይታያል፤ ፒያሳው፣ የመስጊዶቹ ሚናራዎች፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ሁሉ። ከልጆቹ አንዱ፣ «ቲቸር፣ ይህን ጊዜ ቁርኣን ብንቀራበት አይሻልም ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። የልጁ ጥያቄ ደስ የሚል ነበር። እኔም መድረሳ ሳለሁ ሸሆቻችን ያስተማሩንን የሐንዞላን (ረ.ዐ.) ታሪክ ነገርኩት። ሐንዞላ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ሲቀመጥ ጀነትና እሳት በዓይኑ የሚያይ ያህል ይሰማው ነበር። ከቤተሰቡ ሲቀላቀል ግን ያ ስሜት ስለሚቀንስበት «ሙናፊቅ ሆንኩ» ብሎ ፈራ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ለዚህም ለዚያም ጊዜ እንዳለው ነግረው አረጋጉት። ታሪኩ በሙስሊም ዘገባ ውስጥ ይገኛል። ልጁም ይህን ሰምቶ ከጓደኞቹ ጋር ሩጫ ገጠመ። ዙህር ሲደርስ በጀማዓ ሰግደን ወረድን።

ከሁሉ በላይ ወሩን የያዘው ግን ኳስ ነው። ወልድያ ላይ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ስታዲየም 25,000 ሰው ገደማ ይይዛል። የእኛ ሰፈር ሜዳ ደግሞ ሁለት ሁለት ድንጋይ ለጎል የቆመበት፣ ኳስ ወደ ገደሉ ስትወርድ ጨዋታው የሚቋረጥበት አቧራ ነው። ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ከታችኛው ሰፈር ልጆች ጋር ግጥሚያ ያዙና ዳኛ እንድሆን ጠየቁኝ። ፊሽካውን ከመቀበሌ በፊት ሦስት ነገር አስቀመጥኩ። አንደኛ፣ ጨዋታው ከዐስር ሰላት በኋላ 10 ሰዓት ይጀመራል፤ መግሪብ ሳይደርስ ያልቃል። ሁለተኛ፣ ስድብ የለም። ሦስተኛ፣ ብር ማስያዝ የለም።

ሦስተኛው ላይ ጉርምርምታ ተነሣ። ለካ እያንዳንዱ ልጅ 20 ብር አዋጥቶ አሸናፊው ቡድን ሊጠቀልለው ተስማምተው ኖሯል። «ቲቸር፣ ይህ እኮ ቤቲንግ አይደለም፤ የራሳችን ብር ነው» አሉኝ። እኔም አስቀምጬ አስረዳኋቸው። ሁለቱም ወገን ገንዘብ አስይዞ ያሸነፈው የሁለቱንም ከወሰደ ይህ ዑለማዎች ከቁማር የሚቆጥሩት ነው። ቁማርን ደግሞ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳህ 90ኛው አንቀጽ ከአስካሪ መጠጥ ጋር አንድ ላይ ጠርቶ እንድንርቀው አዞናል። የስፖርት ውርርድ የስንቱን ወጣት ደመወዝና የትምህርት ቤት ክፍያ እንደበላ እነሱ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። በመጨረሻ በተዋጣው ብር ለሁለቱም ቡድን የሚሆን አንድ ጥሩ ኳስ ተገዛ። ጨዋታው የተፈቀደ መሆኑን ለተጠራጠሩትም በዒድ ቀን ሐበሾች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ትመለከት እንደነበር ነገርኳቸው። የጥንት አባቶቻችን መሆናቸውን ሲሰሙ የልጆቹ ደረት ተነፋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። የሁለቱ አጎቶቼ ልጆች በአንድ ቡድን ውስጥ ነበሩ። የታላቁ አጎቴ ልጅ በረኛ፣ የታናሹ ልጅ ተከላካይ። ትምህርት ቤት አብረው ይቀመጣሉ። ሲመለሱም እስከ ሰፈሩ መታጠፊያ ድረስ እየሳቁ ይመጡና እዚያ ሲደርሱ አንዱ ቀድሞ ይሄዳል፤ ሌላው ወደኋላ ይቀራል። ማንም እንዲህ አድርጉ ብሎ አላዘዛቸውም። የአባቶቻቸውን ኩርፊያ ሳይነገራቸው የወረሱት ልጆቹ ናቸው።

ሚያዝያ 4 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በረኛችን ኳስ ለማዳን ሲወረወር እግሩ ከሥሩ ታጠፈና ወደቀ። መቆም አልቻለም። ሌሎቹ ገና ሲሯሯጡ ተከላካዩ ወንድሙ ጎንበስ ብሎ በጀርባው አዘለው። እኔም ከኋላቸው ተከተልኩ። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ልቤ ደነገጠ። ልጁ ግን አልቆመም፤ እያለከለከ ቀጥ ብሎ በአጎቱ በር ገባ።

ታላቁ አጎቴ ለመግሪብ ውዱእ እያደረጉ ነበር። ልጃቸውን በማን ጀርባ ላይ እንዳዩት ባዩ ጊዜ ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ ማሰሮውን አስቀምጠው፣ «አግባው። አንተም ግባ ልጄ» አሉት። በሰባት ዓመት ውስጥ «ልጄ» ሲሉት የመጀመሪያቸው ነበር። የዚያኑ ዕለት ማታ ሐኪም አይቶት አጥንቱ እንዳልተሰበረ፣ ወለምታ ብቻ እንደሆነ ታወቀ፤ አልሐምዱ ሊላህ።

በማግስቱ እናቴ ብርቱካን ገዝታ ወደ ታናሽ ወንድሟ ቤት ሄደች። «ተነሥ፣ ሕመምተኛ እንጠይቃለን» አለችው። እሱም ወዴት እንደሆነ ገባው። «እትዬ፣ እሱ እኮ...» ብሎ ሊጀምር ሲል፣ «የታመመን መጠየቅ የሙስሊም ሐቅ ነው። ስለ አጥሩ ግን ዛሬ አንዲት ቃል እንዳትወጣህ» አለችው። አስከትላኝ ሦስታችን ሄድን። በር ላይ ታናሹ አጎቴ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «አሰላሙ ዐለይኩም» አለ። ከውስጥ መልሱ እስኪመጣ ያለችው ጊዜ አጭር ብትሆንም ለእኔ ረዘመችብኝ። «ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ፣ ግቡ።» ቡናው ቀረበ። አወሉ ሲጠጣ ስለ ልጁ እግር ተወራ፤ ቶናው ሲጠጣ ስለ በልጉ ዝናብ፤ በረካው ላይ ሁለቱም በልጅነታቸው በዚያው ሜዳ የጨርቅ ኳስ እንዴት ይጫወቱ እንደነበር አንሥተው ሳቁ። ስለ አጥሩ ማንም አላነሣም።

እናቴ የአክስት ልጅ አለቻት፤ ክርስቲያን ናት። ወሎ እንዲህ ነው፤ አንዱ ቤት ሁለት ሃይማኖት ይገናኛል። አስማ ቢንት አቢ በክር (ረ.ዐ.) ያልሰለመች እናቷ ልትጠይቃት በመጣች ጊዜ ዝምድናዋን እንድትቀጥል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አዘዋታል። እኛም ፋሲካ በዋለ ማግስት እንጠይቃታለን። እሷም ሃይማኖታችንን አክብራ ዳቦና ሻይ አዘጋጅታ ትጠብቀናለች። አጎቶቼ ግን በኩርፊያቸው ዘመን አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ ነበር የሚሄዱት። ሚያዝያ 13 ቀን ሁለቱም ከእናቴ ጋር አብረው ሲገቡ ሴትየዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ዘንድሮ ምን ተገኝቶ ነው በአንድ ሰዓት የመጣችሁት?» አለች። ማንም አልመለሰላትም፤ ሁሉም ሳቁ።

ውድ አንባብያን! አጥሩ ተፈታ ብዬ አልዋሻችሁም። ያች አንድ ክንድ መሬት የሸዋል ወር ሲያልቅም እንዳለች ነበረች። ሽማግሌ ተቀምጦ እንዲያያት ሁለቱም ተስማሙ፤ ይህም የሆነው ሰላምታ ከቀደመ በኋላ ነው። ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ማኩረፍ እንደማይፈቀድለት፣ ከሁለቱም በላጩ ሰላምታ የሚጀምረው እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ዝምድና ቀጣይ የሚባለውም የጠየቁትን መልሶ የሚጠይቅ ብቻ ሳይሆን የቆረጡትን የሚቀጥል ነው።

በረመዳን ከምግብና ከመጠጥ መታገሥን ተምረናል። በሸዋል ደግሞ ኩራትን መዋጥ ነበረብን፤ ይህ ከረሃብ ይከብዳል። ለሽርሽር ስንወጣ፣ ኳስ ስንጫወት፣ ዘመድ ስንጠይቅ ኒያችንን ካሳመርን ከዒባዳ ውጪ አልሆንንም። ወጣቶች ሆይ፣ መታጠፊያው ጋ አትለያዩ! ወላጆች ሆይ፣ ለልጆቻችሁ ቤት ስታወርሱ ኩርፊያ አብራችሁ አታውርሱ! አንተ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ከረገጣችሁት የቆያችሁት በር የማን ነው? ዛሬ ጁሙዓ ከሆነ ዛሬውኑ፣ ካልሆነም ነገ ሂዱ።

አላህ (ሱ.ወ.) ልባችንን ያስማማልን፤ የተቆረጠውን ዝምድና ይቀጥልልን፤ አገራችንንም ሰላም ያድርግልን። አሚን።