አንዱን በሆድ፣ አንዱን በጀርባ

ነፍሰ ጡር የሚለውን ስም ሁሉም ይናገረዋል፤ ትርጉሙን የሚያስተውለው ግን ጥቂት ነው። በግእዝ ጾረ ማለት ተሸከመ፣ ቻለ ማለት ነውና፣ ነፍሰ ጡር የተባለች ሴት ከራሷ ነፍስ በላይ ሌላ ነፍስ የተሸከመች ናት። የእንጨት ሸክም መንገድ ላይ ከድንጋይ አስደግፈው ያርፉበታል፤ የእንስራም ሸክም ከቤት ሲደርሱ ይወርዳል። ይህ ሸክም ግን ወሩ እስኪፈጸም ድረስ በመኝታ ጊዜ እንኳ አይወርድም። በዚህ ላይ ድክ ድክ የሚል ሕፃን በቤት ያለ እንደ ሆነ፣ እናቲቱ አንዱን በሆድ፣ አንዱን በጀርባ ይዛ ትውላለች። ሰውም ይህን ዘወትር ስለሚያየው ድካም መሆኑን ይረሳዋል።

በጎንደር ከተማ በቀሐ ኢየሱስ ሰፈር አንዲት ሴት ትኖር ነበር። ትውልዷ ከደባርቅ በላይ ካለው ደጋ ነው። ባሏ ቅኔ የተማረ፣ በአዘቦት ቀን በመሥሪያ ቤት የሚውል፣ በበዓል ማኅሌት የሚቆም ሰው ነው። የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው እንደ አገሩ ልማድ ወደ እናቷ ቤት ሄዳ ነው። በዚያም እናቷ ገንፎውን ስታገነፋ፣ እኅቶቿ ውሃውን ሲቀዱ፣ ጎረቤቱም ልጁን እየተቀባበለ ሲያቅፍ ጊዜው አለፈ። ሁለተኛውን የፀነሰችው ግን ልጁ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው፣ ከእናቷ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በኪራይ ቤት ሳለች ነው።

መስከረም ሳያልቅ ድካሙ መጣባት። ጠዋት ተነሥታ ሊጡን ስታይ ዓይኗ ይጨልማል፤ እሳቱን አንድዳ ሳትጋግር ትቀመጣለች፤ ልጁ እዘይኝ ብሎ እጁን ሲዘረጋ እንባዋ ይቀድማታል። የባሏ እናት «እኛ ነዶ ተሸክመን፣ እህል ፈጭተን ወልደናል፤ የዛሬዎቹን ምን ነካችሁ?» አሏት። ባሏ ስንፍና ነው ብሎ በአፉ ባይናገርም በልቡ እንዲሁ ያስብ ነበር። እርሷም ይህን ከፊቱ ዐወቀች፤ ከድካሙም ይልቅ ይህ ጎዳት።

ዳሩ ግን የሆነው ስንፍና አልነበረም። ሴት በፀነሰች ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን በሰውነቷ ውስጥ ስለሚበዛ እንቅልፍ ይጫናታል። ደሟም ለእርሷና ለጽንሱ ይበቃ ዘንድ እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ልቧም ይህን ደም ለማዘዋወር ከቀድሞው አብልጦ ይሠራል። በመካከለኞቹ ሦስት ወራት ለብዙዎች ይቀልላል፤ በመጨረሻዎቹ ደግሞ ተመልሶ ይከብዳል። እንግዲህ ሥራ ፈትታ የተቀመጠች የምትመስለው ነፍሰ ጡር በውስጧ ያላቋረጠ ሥራ እየሠራች ናት።

አማቲቱ ያሉትም ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። በፊት ሴት ነዶ ስትሸከም ልጁን የምትይዝ አያት፣ ውሃውን የምትቀዳ እኅት፣ በአንድ ግቢ ነበሩ። ሸክሙ ያው ቢሆንም ተሸካሚው ብዙ ነበር። ደግሞም «እኛ ወልደናል» ብለው ለመመስከር የቆዩት የተረፉት ናቸው፤ ከወሊድ ያልተነሡት እናቶች ምስክርነታቸውን ለመስጠት አልቀሩም።

ከዚህ በኋላ አንዲት የጤና ሠራተኛ ወደ ቤቷ መጥታ ስላየቻት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ እንድትመረመር መከረቻት። እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በጎንደር ተመሥርቶ ለገጠሩ የሚወጡ የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ማስተማር ጀምሮ ነበር፤ ይኸው ተቋም ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በቀረበበት ከተማ እንኳ ደም ማነስን ስንፍና የሚል ሰው አልጠፋም። በምርመራው ደሟ ለነፍሰ ጡር ከተወሰነው ከ11 ግራም በታች ሆኖ ተገኘ። የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን በየቀኑ እንድትውጥ ታዘዘላት፤ ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውክ ከምግብና ከኪኒኑ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት አርቃ እንድትጠጣ ተነገራት። ምስር፣ ጎመን፣ ሥጋ ሲገኝም ሥጋ፣ በጥቂት በጥቂቱ ቶሎ ቶሎ እንድትበላ ተመከረች።

ወሩ የጽጌ ወር ነበር። ባሏ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ቆሞ፣ ከእናት ጋር ወደ ግብፅ የተሰደደውን ሕፃን እያመሰገነ ያድራል። ኅዳር 6 ቀን እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ወዳሠሩት ወደ ደብረ ቁስቋም ወጣ። ቁስቋም እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከስደቷ ያረፈችበት ቦታ ስም መሆኑን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። በዚያን ቀን ግን፣ ሕፃኑ የሄደው በሰው ክንድ መሆኑን፣ ያ ክንድም ይደክም እንደ ነበር አሰበ። የእናትን ድካም በዜማ ሲያመሰግን አድሮ ጠዋት በቤቱ ያለውን ድካም የሚነቅፍ መሆኑን አየ፤ አፈረም።

ከበዓሉ ተመልሶ ብዙ ቃል አልተናገረም። በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ውሃውን በጀሪካን ቀዳ፤ ወደ ማታም ልጁን አዝሎ ወደ ደጅ ወጣ። የሰፈሩ ጎልማሶች «ሊቁ ሞግዚት ሆኑ» ብለው ሳቁ። እርሱም «ሸክሙ ለእኔ ሲሆን ያስቃችኋል፤ ለእርሷ ሲሆን ግን አታዩትም» አላቸው። ከዚያ በኋላ ሳቁ ቀነሰ።

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሊገባ ሲል ሌላ ጭንቅ መጣ። ጾሙን ብትሽር ኃጢአት፣ ብትጾም ድካም መስሏት ነበርና። የነፍስ አባቷ ነገሩን ሰምተው «ልጄ፣ ጾም ሥጋን የሚገራ እንጂ ያልተወለደውን የሚያስርብ አይደለም፤ በጸሎትሽና በትዕግሥትሽ ጹሚ» ብለው ፈቀዱላት። ይህ አንድ ቃል ከኪኒኑ ያላነሰ ረዳት፤ በልታም ሳትሰቀቅ መተኛት ጀመረች።

እርሷም በበኩሏ ጉልበቷን መቆጠብ ተማረች። ልጁ ቀን ሲተኛ የቤቱን ሥራ ትታ አብራው ተኛች። ሲነቃም ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ጭልፋና የእንጨት ማንኪያ፣ ባዶ ቅልም እየሰጠች በአጠገቧ አጫወተችው። ማንሣት ግድ ሲሆንባት ወገቧን ሳታጎብጥ በጉልበቷ በርከክ ብላ አነሣችው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ወደ ጭኗ ራሱ እንዲወጣ አስለመደችው። የማርያም ማኅበር ጓደኞቿ ተራ ገብተው በሳምንት ሁለት ቀን እንጀራዋን ጋገሩላት፤ ከምድጃውም ጭስ ዐረፈች።

አማቲቱ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ያዩ ነበር። አንድ ቀን ልጁን ከጀርባዋ አውርደው ታቀፉትና «እኔም ደክሞኝ ነበር፤ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ልጁ የእርሳቸው ሆነ።

በግንቦት በሰላም ተገላገለች። ይሁን እንጂ በከተማ የተገኘው ረድኤት ለሁሉ አልደረሰም። በደባትና በደባርቅ ደጋ፣ ወደ ሰሜን ተራራ በሚያወጣው መንገድ፣ ውሃውም ጤና ጣቢያውም ሩቅ የሆነባት እናት ብዙ ናት። በደምቢያ ደግሞ ከድካሙ በላይ ወባ አለና አጎበር ያስፈልጋታል። ለሩቅ አገር እናቶች በጤና ጣቢያ የተሠራው ማቆያ ቤት ወሯ የደረሰ ሴት ምጥ ሳይጀምራት መጥታ እንድትቆይበት ነው፤ ነገር ግን በቤት የቀረውን ሕፃን የሚይዝላት ካልተገኘ አትመጣም።

ድካም ሁሉ ደግሞ ዕረፍት ብቻ የሚሻ አይደለም። ደም መፍሰስ፣ ጽኑ ራስ ምታት፣ የዓይን መፍዘዝ፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ትኩሳት፣ ተቀምጣ ሳለች ትንፋሽ ማጠር፣ የጽንሱም እንቅስቃሴ መቀነስ ከታየ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። ከወሊድም በኋላ ለሚቀጥለው ፅንስ ቢያንስ 24 ወር ማቆየት ለእናቲቱም ለልጆቹም እንደሚበጅ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል።

ሰው ሁሉ ነፍሰ ጡር ሲያይ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይላል፤ መልካም ምርቃት ነው። ካህኑም ጠበል ሊረጭ ወደ ንስሐ ልጆቹ ቤት በገባ ጊዜ፣ ጎረቤቱም ቡና ሊጠጣ በመጣ ጊዜ፣ መርቆ ከመውጣቱ በፊት ዛሬ ውሃውን ማን ቀዳ፣ ልጁንስ ማን ያዘ ብሎ ይጠይቅ። መልሱ እርሷ ብቻ ከሆነ፣ ጀሪካኑን አንሥቶ ይሂድ ወይም ልጁን ለአንድ ሰዓት ይያዝላት።