በርበሬው ከውስጥ፣ ዘይቱ ከውጭ

ከዳላስ ሳን አንቶኒዮ 440 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ታላቅ እህቴ የምትኖረው ዳላስ ነው። እሷ ሥራ ስትውል እኔ ቤት ተዘግቶብኝ እንዳልውል ብላ «ሂጂና ቴክሳስን እዪ» አለችኝና በጥቅምት መጨረሻ አውቶቡስ ላይ አሳፈረችኝ። ሄድኩ። አላሞ የሚባለውን ታሪካዊ ስፍራ አየሁ፤ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ በሚፈሰው ወንዝ ዳር ተራመድኩ። ሁለቱም ያምራሉ፤ ስለ ሁለቱም የጻፈ ሞልቷል። እኔን አስሮ ያስቀረኝ ግን ማጀት ነው። ከከተማው በስተምዕራብ፣ አንዲት ክፍል በተከራየሁበት ቤት፣ የበሬ ሥጋ ኤንቺላዳ በኤር ፍራየር ሲሠራ አየሁ። ማየት ብቻ አይደለም፤ ሰማሁም።

የቤቱ እመቤት ሰባውን ያለፉ ሴት ናቸው። የልጅ ልጃቸው «አቡዌላ» ትላቸዋለች፤ በስፓኒሽ አያት ማለት ነው። በሁለተኛው ቀን እኔም አቡዌላ አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ «ሚሃ» ይሉኛል። «ልጄ» ማለት ነው፤ ከአፋቸው ሲወጣ ግን የሰፈሬ እናቶች «የኔ ልጅ» ሲሉኝ የምሰማው ቃና አለው። እኔ ስፓኒሽ አላውቅም፤ እሳቸውም እንግሊዝኛውን ከስፓኒሽ እየቀላቀሉ ነው የሚናገሩት። የልጅ ልጅየው ከሥራ ስትመለስ ታስተረጉምልናለች፤ እሷ ከሌለች በእጅ እንግባባለን።

«ኤንቺላዳ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ እዚያው ነው። «ቺሌ» በርበሬ ነው፤ ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት አዝቴኮች ይናገሩት ከነበረው ከናዋትል ቋንቋ የተወሰደ ቃል። «ኤንቺላር» በበርበሬ መለወስ፣ «ኤንቺላዳ» ደግሞ በበርበሬ የተለወሰች። ይህን ሰምቶ ዝም የሚል አበሻ ይኖራል? የእኛ በርበሬ ዘሩ ከዚያው ከአሜሪካ ምድር ነው፤ ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ ባሕር ተሻግሮ ነው ደጃችን የደረሰው። በቆሎም እንደዚሁ። «የባሕር ማሽላ» የሚለው የቀድሞ ስሙ ራሱ መንገዱን ይናገራል። ይህን በልጅ ልጅየው በኩል ለአቡዌላ ባስነግራቸው፣ በርበሬ ያለበትን ማሰሮ ወደ እኔ ገፋ አድርገው «እንኪ፣ ያንቺም ነው» አሉኝ።

ቴክሳስ እ.ኤ.አ. እስከ 1836 የሜክሲኮ ግዛት ነበረች። ስለዚህ በሳን አንቶኒዮ የሜክሲኮ ምግብ የእንግዳ ምግብ አይደለም፤ የባለቤት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ በከተማዋ አደባባዮች ሴቶች ማታ ማታ ፋኖስ አብርተው፣ ረጃጅም ጠረጴዛ ዘርግተው ሥጋ በበርበሬ ይሸጡ ነበር። «የቺሊ ንግሥቶች» ይባሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጤና ደንብ ሲጠብቅ ከአደባባዩ ተነሡ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2017 ሳን አንቶኒዮን በምግብ ጥበብ ከታወቁት የዓለም ከተሞች ተራ ሲያስገባት፣ እኔ ብጠየቅ ማዕረጉን ለእነዚያ ሴቶች ነበር የምሰጠው።

ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አቡዌላ በሬን አንኳኩ። ቶርቲያ ልንገዛ ነው። ቶርቲያ ኤንቺላዳው የሚጠቀለልበት የበቆሎ ቂጣ ነው፤ ከእጅ መዳፍ እምብዛም አይሰፋም። ሰፈሩ ውስጥ የሚጋግሩበት ቤት አለ። ገና ከበሩ ሽታው ተቀበለኝ፦ አዲስ በኖራ የተቀባ ቤት ውስጥ በቆሎ ሲጠበስ ማለት ነው። ለካስ እውነቱም ይኸው ነው። በቆሎውን በኖራ ውኃ ቀቅለው ያሳድሩታል። ሲነጋ ቅርፊቱ በእጅ ሲያሹት ይላቀቃል፤ ያጥቡትና እርጥቡን በድንጋይ ይፈጩታል። ዘዴው ስፔኖች ከመምጣታቸው ከብዙ ዘመን በፊት የነበረ ነው። ኖራው ሊጡን እንዲያያዝ ያደርገዋል፤ በበቆሎው ውስጥ ታስሮ የሚኖረውን ኒያሲን የተባለ ቫይታሚንም ይፈታዋል። በቆሎ ወደ ሌላው ዓለም ሲሄድ ይህ ዘዴ አብሮት አልሄደም። በዚህም የተነሳ በሰሜን ጣሊያንም ሆነ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በቆሎ ብቻ ይበላ የነበረ ድሃ ሕዝብ ፔላግራ በሚባል ቆዳን በሚልጥ በሽታ ብዙ ተሠቃየ። አንድ እፍኝ ኖራ! ይህን እያሰብኩ ትኩሱን ቶርቲያ በወረቀት ተጠቅልሎ ደረቴ ላይ ይዤ ተመለስኩ። እንደ ሕፃን ይሞቃል።

ሥጋው ቀድሞ ተጥዷል። ከበሬ ትከሻ የተቆረጠ፣ ሞራ ጣል ጣል ያለበት ሥጋ ነው፤ ከሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር በለዘበ እሳት ሦስት ሰዓት ያህል ቆየ። አቡዌላ በሹካ ነካ ሲያደርጉት ክር ክር እያለ ተበታተነ።

በርበሬው ሁለት ዓይነት ነው። «አንቾ» የሚሉት ጥቁር ቀይ፣ የተጨማደደ፣ ዘቢብ ዘቢብ የሚሸት ነው፤ «ጓሂዮ» ደግሞ ረዘም ያለ፣ ቆዳው የሚያብረቀርቅ። ፍሬውን አራግፈው ምጣዱ ላይ ጣል አደረጉት። እነሱ ምጣዱን «ኮማል» ይሉታል። በርበሬው ገና ጠረኑን ሲሰጥ አነሡት። አንዱን ጥቂት አዘገየሁትና ጫፉ ጠቆረ፤ አቡዌላ ምንም ሳይሉ አንሥተው ጣሉት። ሲያር እንደሚመር እኔም ከቤቴ አውቀዋለሁ። ከዚያ በፈላ ውኃ ዘፈዘፉት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከከሙን ጋር በመፍጫ አላሙት፣ በወንፊት አጠለሉት። በመጨረሻ ዘይት አግለው፣ አንድ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት አመስ አድርገው፣ በርበሬውን ገለበጡበት። ቸስ አለ! ቀለሙ ከጡብ ቀይ ወደ ደም ቀይ ሲለወጥ፣ ዘይቱ ዳር ዳሩን ሲወጣ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቁሌት ነው። ምድሩ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ፤ አቡዌላ ግን ቁሌት እያቁላሉ ነው።

አሁን ወደ ኤር ፍራየሩ ልምጣ። ስሙ መጥበሻ ይሁን እንጂ አይጠብስም፤ ትንሽ ምድጃ ነው። አናቱ ላይ የጋለ ሽቦ አለ፤ ከሽቦው በላይ ፋን ይሽከረከራል፤ ትኩሱ አየር ጠባቧ መሳቢያ ውስጥ እየተምዘገዘገ የምግቡን ላይ ያደርቀዋል። በዚህ ስም ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2010 የሆላንዱ ፊሊፕስ ነው። አቡዌላ ቤት የገባው የልጅ ልጅየው ገዝታላቸው ነው፤ ሐኪም ዘይትና ሞራ ቀንሱ ብሏቸው ስለነበር። ለሁለት ወር ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይዞ ተቀመጠ፤ ኤንቺላዳ ያለ ዘይት ሊሆን ነው እንዴ ብለው ነው። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩ የኖሩት ቶርቲያውን የጋለ ዘይት ውስጥ ለአፍታ ነክረው፣ ከዚያ የበርበሬው ስጎ ውስጥ ነክረው፣ ጠቅልለው ነው። ያ ኤንቺላዳ ለስላሳ ነው፤ በማንኪያ ይቆረሳል። ኩርሽም አይልም።

አንድ ቀን ጨርቁን ገለጡት። መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው ስጎ ውስጥ ነክረው ከተቱት፤ ዳሩ እንደ ቆዳ ደረቀ፣ መሀሉ ሊጥ ሆነ። ሁለተኛም ሦስተኛም ሞከሩ። በመጨረሻ የደረሱበትን ለእኔ ሲያሳዩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ እንደ ምስጢር።

ቶርቲያውን ግራና ቀኝ ዘይት በብሩሽ ቀቡት፤ ስስ ነው፣ የሚያወዛ ያህል ብቻ። ለአንድ ደቂቃ መሳቢያው ውስጥ አኖሩት። ላዩ ላይ ትንሽ የሽቦ ክዳን ይጭኑበታል፤ ለምን ብዬ ስጠይቅ ክዳኑን አንሥተው አሳዩኝ፤ ቂጣው በነፋሱ ብድግ ብሎ ወደ ጋለው ሽቦ ሄደ። ሲወጣ ለስልሷል፤ ይታጠፋል። በዚች ጊዜ ፈጣን መሆን ያስፈልጋል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ፎቶ ሳነሣ ቀዘቀዙብኝና ስጠቀልላቸው ወገባቸው ላይ ተሰነጠቁ። የከረመ እንጀራ ለመጠቅለል የሞከረ ያውቀዋል።

ከዚያ ያ ምስጢር መጣ። ስጎውን በብሩሽ አንሥተው የቶርቲያውን ውስጡን ብቻ ቀቡት። ሥጋውን ወንፊት ላይ ጨመቅ አድርገው መረቁን ወደ ስጎው መለሱት፤ ርጥበት ይዞ ከገባ ከውስጥ በእንፋሎት ያበስለዋል እንጂ አያደርቀውም። የጨመቁትን ሥጋ እንደ ጣት አጋደሙት፣ ጠበቅ አድርገው ጠቀለሉ፣ መጋጠሚያውን ወደ ታች አድርገው ደረደሩ። ስድስት ብቻ፤ በመሀላቸው አየር የሚያልፍበት ክፍተት አለ። ላያቸውን ደግሞ ዘይት አስነኩት። 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ፣ ስምንት ደቂቃ። የልጅ ልጅየው በሩ ላይ ቆማ «ይሄማ ፍላውታ ነው፣ ኤንቺላዳ አይደለም» አለች። ፍላውታ ተጠቅልሎ ደረቅ ብሎ የሚጠበሰው ነው። አቡዌላ ዞር ብለው አይተዋት «በርበሬው ነክቶታል፤ ከውስጥ ነው እንጂ ነክቶታል» አሉ። ክርክሩ እዚያ አበቃ። እኔም ፍርዱ ትክክል ነው እላለሁ፤ ስሟን ያገኘችው ከበርበሬው ነውና።

ስምንት ደቂቃው ሲሞላ መሳቢያው ተሳበ። የበቆሎው ሽታ አሁን ሌላ ነው፤ የእሸት ጥብስና የለውዝ መሀል ያለ ሽታ። ቀለማቸው ወርቅማ ቡኒ፣ ዳራቸው ጥቂት ጠቁሯል። አቡዌላ በጉጠት አንዷን አንሥተው ከሳህኑ ጠርዝ ጋር ነካ አደረጓት። ቋ ቋ አለች። ፈገግ አሉ። ከዚያ ትኩሱን ስጎ መሀላቸው ላይ ብቻ፣ እንደ መቀነት አፈሰሱት፤ ሁለቱም ጫፍ ደረቅ ነው። እንደ እኛ አይብ የሚፈረፈር፣ ጨው ያለበት ነጭ አይብ በተኑበት፤ ጥሬ ሽንኩርት ጣል አደረጉበት። «አሁን! አሁን ብይ!»

ጫፉን ገመጥኩ፤ ኩርሽም። ወደ መሀሉ ስጠጋ ስጎውን የጠጣው ክፍል እየለሰለሰ፣ ሥጋው እየተፈታ፣ በርበሬው ከውስጥም ከውጭም እየመጣ ይገናኛል። አገሬ ትዝ አለኝ፤ የድርቆሽ ፍርፍር ገና ከምድጃ እንደወረደ፣ ግማሹ ርሶ ግማሹ እየተኮረሸመ ሲበላ ያለችው ያቺ አጭር ጊዜ። እናቴ «ሳይርስ ቶሎ በሉ» ብላ የምትጣራው ለዚያች ጊዜ ነው። እዚህም ያቺው ጊዜ ናት። አራት ደቂቃ ቢዘገዩ ታልፋለች፤ ለዚህ ነው በዚያ ቤት ኤንቺላዳ ስድስት ስድስት እየሆነ የሚወጣው፣ ሁሉም ተራውን እየጠበቀ ትኩሱን የሚበላው። አቡዌላ እስከ መጨረሻው አልተቀመጡም።

በነጋታው ዓርብ ነው አልኳቸው፤ ሥጋ አልበላም። ደስ አላቸው፤ ካቶሊክ ናቸው፣ በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ እሳቸውም ሥጋ አይቀምሱም፤ ያን ጊዜ ኤንቺላዳቸው በአይብ ነው። እኛ አይብም እንቁላልም እንደማንነካ፣ ዐቢይ ጾማችንም 55 ቀን እንደሆነ የልጅ ልጅየው ስታስረዳቸው እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ከዚያ ተነሥተው ላያቸው ላይ ስጎ ያልፈሰሰባቸውን አራት ኤንቺላዳዎች በፎይል ጠቀለሉ፣ ስጎውን በብልቃጥ ለብቻው አደረጉ፣ በረዶ ካለበት ከረጢት ከተቱ። «ለቅዳሜ» አሉኝ። አንድ እፍኝ አንቾም ጨመሩበት።

ዳላስ ዓርብ ማታ ገባሁ። ቅዳሜ ጠዋት እህቴ ገና አልተነሣችም። ሳምቡሳ የምታሞቅበት ኤር ፍራየር አላት። አራቱን ደረደርኳቸው፤ 180 ዲግሪ፣ አምስት ደቂቃ። ስጎውን በትንሽ ድስት አሞቅሁ። ሲወጡ፣ እንደ አቡዌላ አንዷን ከሳህኑ ጠርዝ ጋር ነካ አደረግኋት። መቀነቷን አስታጠቅኋት፤ ቆሜ ጫፏን ገመጥኩ።

«አንቺ» አለች እህቴ ከመኝታ ቤት፣ «ምንድን ነው እንዲህ የሚንኮሻኮሸው?»