ሐሙስን አሳልፈን ዓርብ ደረስን

ጅማ ኖረን ጅማን አላየናትም። ይህን የምንል ጥቂቶች አይደለንም። ተማሪ ሆነን አራት፣ አምስት፣ ስድስት ዓመት የከረምንባት አለን። ለፊልድ ሥራ አበል እየተከፈለን፣ ለሰርግ እየተጠራን፣ ለለቅሶ እየተጣደፍን የተመላለስንባት አለን። ለሽርሽር ብለን የሄድንም አለን። ምን አየን? አስፋልቱን አየን። የሆቴሉን በረንዳ አየን። ጥብስ በላን፤ ፎቶ ተነሣን፤ ተመለስን። ዛሬ የሌላ አገር ሰው ስለ ጎማ፣ ስለ ጌራና ስለ ካፋ ጫካ ሲያወራ አፋችንን ከፍተን እናዳምጣለን። እጃችን ላይ የነበረውን ከባዕድ አፍ እንሰማለን!

መንገድ አጥተን ነው እንዳንል መንገድ ነበረ። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወልቂጤ አልፎ፣ የግቤን ቁልቁለት ወርዶ፣ ዳገቱን ወጥቶ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም። ገንዘብ አጥተን ነው እንዳንል፣ በየበዓሉ ለአንድ ምሽት ያፈሰስነውን እናውቀዋለን። ያጠፋን ሌላ ነው። «ደርሰን እናያለን» የምትል አንዲት አነጋገር ናት ያጠፋችን። ዕቅድ የፈረንጅ ነው አልን። ሰዓት እየቆጠሩ መዝናናት ምን መዝናናት ነው አልን። እንዳመጣው እንሂድ፣ መንገዱ ራሱ ይመራናል አልን። ነጻነት መሰለን። ስንፍና ነበር። ስንፍናችንን ነጻነት ብለን ጠርተን ስንት የዕረፍት ቀን በላን?

ጅማ እንዳመጣው የሚታይ አገር አይደለም። ቀን አለው። ሂርማታን ውሰዱ። የሂርማታ ገበያ ሐሙስ ነው። ጣሊያን መጥቶ ከተማዋን በመንገድና በአደባባይ ከመሸንሸኑ በፊት፣ በጅማ ነገሥታት ዘመንም ሐሙስ ነበር። ማሩ፣ ኮረሪማው፣ ቡናው፣ ከአንድ ግንድ የተጠረበው ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ ቅርጫቱ፣ ሁሉም ያን ቀን ይወጣል። የዚያ ዘመን ነጋዴ በቅሎውን ጭኖ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ቀን ቆጥሮ ሐሙስን ይደርስባት ነበር። እኛ መኪና ይዘን፣ ስልክ ይዘን፣ ሐሙስን መድረስ አቃተን። ዓርብ ከሥራ ወጣን፤ ዓርብ ሌሊት ገባን፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተነሥተን «ገበያው የት ነው?» አልን። «ከትናንት ወዲያ ነበር» ተባልን። ሳቅን። አዎ፣ ሳቅን! የአንድ ቀን ፈቃድ ብንጠይቅ ማን ይከለክለን ነበር? ማንም። ያልጠየቅነው እኛ ነን።

ጅሬን ደግሞ አለ። ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ከኮረብታው ላይ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቆሟል። ባጃጅ ያደርሳል። ከሆቴሉ በረንዳ ሆነን ኮረብታውን በጣት አሳየን፤ «ነገ ጠዋት እንወጣለን» አልን። ነገ ጠዋት ሾፌሩ «ሳይመሽ አዲስ አበባ ብንገባ ይሻላል» አለ። ገባን። ሳንደርስበት የቀረነው ቤተ መንግሥት ባለቤት ግን ነገ ይደረሳል የሚሉ ሰው አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1878 ነግሠው ግማሽ ምዕት ዓመት የዘለቁት ወደፊት አሻግረው ስላዩ ነው። ጎረቤት መንግሥታት በጦር ሲፈቱ እሳቸው ሳይቀደሙ ለምኒልክ ገበሩ። ግብሩን በልክ እየላኩ የውስጥ አስተዳደራቸውን በእጃቸው አቆዩ። የካፋው ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1897 ሲማረኩ ጅማ ገበያዋ አልተፈታም። የጅማ የራስ ገዝነት ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። እንዲህ ያለ ሰው በር ላይ ሳንደርስ ተመለስን። ለዚያውም የነጋዴ ከተማ፣ ቀን ሳይቆጥር የማይሄድ ሕዝብ መካከል አድረን!

ይህስ ይሁን። ጅሬን ነገም አለ፤ ሐሙስም በየሳምንቱ ይመጣል። አንጀት የሚያሳርረው አበባው ነው።

የቡና አበባ ቀን አይሰጥም። የበጋው ድርቀት ይቆይና የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ይወርዳል። ሳምንት ወይም ዐሥር ቀን ያልፋል። ከዚያ አንድ ጠዋት የአጋሮና የሊሙ ማሳ በአንድ ጊዜ ነጭ ይሆናል። ጥላ ዛፉ ሥር ያለው ቅርንጫፍ ሁሉ ከግንድ እስከ ጫፉ ይለብሳል። ሽታው መኪና ውስጥ ይገባል፤ ንቡ ያብዳል። ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ቀን። ከዚያ ይጠወልጋል፤ አለቀ። አንድ ዓመት ጠብቅ። ይህን የትኛው የጉዞ መርሐ ግብር ይይዘዋል? የትኛውስ ዕድለኛ በአጋጣሚ ይደርስበታል? ማንም። የሚደርስበት ስልክ የሚደውል ሰው ብቻ ነው። «ዝናብ ጣለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ፣ «በሚቀጥለው ሳምንት ኑ» ሲባል ሻንጣውን አዘጋጅቶ የሚጠብቅ።

የሚደወልለት ሰው አልነበረንም? ነበረን! አንድ ዶርም ያደርን የአጋሮ ልጆች ነበሩ። የሊሙ ልጆች ነበሩ። የጌራ ልጆች ነበሩ። «ቡናው ሲያብብ እኛ ቤት ኑ» ብለውን ነበር። ስንት ጊዜ አሉን? «እሺ፣ እንመጣለን» አልን። እንደ ሰላምታ ቆጠርነው። አጋሮ እኮ ከጅማ አንድ ሰዓት መንገድ ነው! ፈተና አለ አልን። ኳስ አለ አልን። ተመረቅን፤ ሄድን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ እኛማ ሳንታጠቅም ነው የሮጥነው።

ለቀማውስ? ጥቅምትና ኅዳር ትምህርት ላይ ነበርን። እሸቱ ቀልቶ፣ ለቃሚው ቅርጫቱን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ማጠቢያ ጣቢያው ሌሊቱን መብራት አብርቶ ሲፈለፍል፣ ቡናው ማድረቂያው አልጋ ላይ ተዘርግቶ እየተገላበጠ ሳለ፣ እኛ ካፌ ተቀምጠን ማኪያቶ እናዝ ነበር። በቡናው አገር፣ በቡናው ወር! የጅማው የግብርና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተ ነው። ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የመልኮ ምርምር ማዕከል ደግሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ እዚያው አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ገብቶ ማሳውን ሲያጠቁረው፣ ተመራማሪዎቹ ጫካ ገብተው በሽታውን የቻሉ እናት ዛፎችን ለይተው አወጡ። 74110ና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች ከዚያ የመጡ ናቸው፤ 74 ቁጥሩ የተመረጡበትን ዓመት ይዟል። ዛሬ ዓለም ላይ ያሉ ቡና ጠጪዎች እነዚህን ቁጥሮች ከፓኬት ላይ ያነባሉ። እኛ ጎረቤት ሆነን ኖረን አንድ ቀን በሩን አላንኳኳንም።

ዕቅድ ያወጣነውስ ዳንን? አልዳንንም። ይህንንም መናገር አለብን። ከመካከላችን ወረቀት ጽፈው የሄዱ አሉ። ሦስት ሰዓት ጅሬን፣ አምስት ሰዓት ጮጬ፣ ዘጠኝ ሰዓት የቦንጋ መንገድ። ጮጬ፣ ያ ቡና ከዚህ ተገኘ የሚባልበት የጎማ መንደር፣ ደረሱ። አንድ ቤት ተጠሩ። ሣር ተጎዘጎዘ፤ ቡና ተቆላ፤ እናት ጀበናውን ጣዱ። አቦሉን ጠጥተው ሰዓታቸውን አዩ። «ኧረ ልጆቼ፣ ቶናው ሳይወርድ?» ተባሉ። ተነሡ። በረካው ሳይደርስ፣ አባወራው የአያቱን ነገር ሊጀምር ሲል፣ ተነሡ! የሄዱበት ነገር እኮ ያ ነበር። ከዚያ ወዲያ የት ሊደርሱ ነው? ሐሙስ ላይ መጥበቅ ነበረብን፤ ላላን። ጀበናው ፊት መላላት ነበረብን፤ ጠበቅን። ቀኑን የምንቆርጠው እኮ በሩ ላይ ለመድረስ ነው። ከገቡ ወዲያ ሰዓቱ የባለቤቲቱ ነው። ይህን ለማወቅ ምን ትምህርት ያስፈልግ ነበር? ቡና አፍልታ የምትጠራ ጎረቤት የሌለን ማን ነን?

እንደ አገርም ያው ነን። ዕቅድ ሲኖር ምን እንደሚሆን ሳናይ ቀርተን አይደለም። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» ብለው ቱሪዝምን ሲጀምሩ ሰሜኑ መስመር ተሠራለት። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም። በረራው ተያያዘ፤ ሆቴሉ ተሠራ፤ እንግዳው የት አድሮ የት እንደሚውል አውቆ መጣ። ለቡናው አገር እንዲህ ያለ መስመር መሥራት ምን ይከብድ ነበር? ጅማ፣ አጋሮ፣ ጌራ፣ ቦንጋ ተከታትለው የተቀመጡ ናቸው። የዓለም ቡና ከእኛ ነው እያልን በየስብሰባው ጀበና አስቀመጥን። እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋና የያዮ ጫካዎች በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆነው ተመዘገቡ። አጨበጨብን። በዓመቱ፣ በ2011፣ ኮሎምቢያ የቡና ማሳዎቿን በዓለም ቅርስነት አስመዘገበች። ማጨብጨብ ላይ አልቆመችም። ገበሬው ቤቱን ለእንግዳ አሰናዳ፤ እንግዳው ለቅሞ፣ ፈልፍሎ፣ ቆልቶ፣ ጠጥቶ፣ እዚያው አድሮ ይመለሳል። አረቢካ የዚያ አገር ተወላጅ አይደለም። የእኛ ነው!

ጌሻ የምትባለውን ቡናስ ምን እንበል? እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ጫካችን ዘሯ ተለቅሞ ሄደ። ኬንያ ገባች፤ ታንዛኒያ ገባች፤ ኮስታ ሪካ ተሻገረች፤ ፓናማ ደረሰች። በ2004 በፓናማ ውድድር አሸነፈችና ዋጋዋ ሰማይ ነካ። ዛሬ ቱሪስቱ ቀጠሮ ይዞ፣ ከፍሎ፣ ጌሻን ለማየት ቦኬቴ ይሄዳል። የስሟ አገር በየት በኩል እንደሆነ ከእኛ ስንቱ ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» የሚል መፈክር ወጣ። ጥሩ መፈክር ነው። መፈክር ግን ገበያው ሐሙስ መሆኑን አይናገርም፤ ዝናቡ መጣሉንም ደውሎ አይነግርም። እ.ኤ.አ. በ2022 ገና ዳያስፖራው በሚሊዮን ይምጣ ተብሎ ሲጠራስ? ወሩ ቡና አልጋ ላይ የሚደርቅበት ወር ነበር። ከመጡት ወገኖቻችን ስንቶቹን ግቤን አሻገርናቸው? ቦሌ ላይ አዙረን መለስናቸው።

አሁን መንገድ ሲነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰላም ነው ወይ?» ሆኗል። ያኔ አይጠየቅም ነበር። ያኔ በሌሊት ተነሥተን፣ ማንንም ሳንጠይቅ፣ እስከ ቦንጋ፣ እስከ ሚዛን መሄድ እንችል ነበር። ያ ሁሉ ዓመት ክፍት ነበር! በአንዳንዱ ማሳ ቡናው ተነቅሎ ጫት ገብቷል። «ኑ» ያሉን አባቶች አርጅተዋል፤ ያለፉም አሉ። የትኛው ዛፍ በማን ዘመን እንደተተከለ፣ ቡና ቀላው ለየትኛው በዓል በቅቤ እንደሚጠበስ፣ ካፋ ላይ የቡና ቅጠል ጨሞ እንዴት እንደሚፈላ የሚነግሩን እነሱ ነበሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉናል። ይበሉን፤ ተገቢ ነው።

ዕቅድ አያውቁም እንዳትሉን ብቻ። እናውቃለን። ሰርግ ስንደግስ አዳራሹን ከዓመት በፊት እንይዛለን። ሽማግሌው ቀን ይቆርጣል፤ ቪዲዮ አንሺው ቀብድ ይወስዳል፤ የሚዜው ልብስ ይለካል፤ ጠጁ በጊዜው ይጣላል። ለልጃችን ምርቃት ጅማ ስንሄድም እንዲሁ ነን። ኬኩ በስሙ ይታዘዛል። አበባው ይታዘዛል። ፎቶ አንሺው ሰዓት ይሰጠዋል። በሬውን የሚያርደው ሰው እንኳ ከሳምንት በፊት ይነገረዋል። አንዳችም ነገር «ደርሰን» አልተባለም። ልጁ ደግሞ እዚያ አገር ዓመታት የኖረ ነው። መምህሩን ያውቃል፤ የአጋሮ ጓደኛውን ያውቃል፤ ቤተሰቡ እንድንመጣ ልኮብናል። ሚኒባሱን ስንከራይ ባለቤቱ «ለስንት ቀን ላድርገው?» ብሎ ጠይቆን ነበር። ለአንድ አዳር አልነው።