አንድ ሰው የቀረው

አዳማ መናኸሪያ ደጃፍ ላይ ቆሜ የረዳቶቹን ጥሪ መስማት ደስ ይለኛል። «መቂ! ባቱ! ሻሸመኔ!» ይላል አንዱ። «መተሐራ፣ አዋሽ፣ አንድ ሰው የቀረው!» ይላል ሌላው። ሮጠው ሲገቡ ተሳፋሪው ሦስት ሰው ነው። ያናድዳል፤ ቢሆንም መተሐራ የተባለው መኪና መተሐራ ያደርሳል።

የስልካችን ጠሪዎች፣ የዩቲዩብ ርዕስ ጸሐፊዎች ማለቴ ነው፣ መድረሻውንም ይዋሻሉ። ይህን ያየሁት እዚያው መናኸሪያው አካባቢ ቡና በሚያፈሉ እናት ስልክ ላይ ነው። ልጃቸው መተሐራ ሸንኮራ ማሳ ላይ ይሠራል። በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች ዙሪያ ምድሩ ለወራት ሲናወጥ ከርሞ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት፣ ገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ መጠኑ 5.8 ነው የተባለ መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሰውን ከእንቅልፉ ቀሰቀሰ። ጠዋት ቡና ልጠጣ ስቀመጥ ስልካቸውን ዘረጉልኝ።

«ልጄ፣ እስቲ አንብብልኝ። መተሐራ ምን ሆነች ነው የሚለው?»

«ሰበር! የተፈራው ደረሰ... መተሐራ?» ይላል ርዕሱ። ከበላዩ ቀይ እሳት የሚተፋ ተራራ ተለጥፎበታል። ከፈትኩት። መጀመሪያ ሙዚቃ፣ ቀጥሎ «ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ» የሚል ልመና፣ ከዚያ ስለ ስምጥ ሸለቆ ከየቦታው የተለቃቀመ ትረካ፣ መሃል ላይ ማስታወቂያ። መተሐራ የተነሣችው 11ኛው ደቂቃ ላይ ነው፤ እሱም ሰዎች ውጭ አደሩ ለማለት ብቻ። እማማ እስከዚያ ድረስ ሲኒውን እንደያዙ ቆመው ነበር። እነዚያን 11 ደቂቃዎች ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ያ እሳት የዶፈን አልነበረም። በዚያ ሰሞን ከዶፈን የወጣው እንፋሎትና አቧራ ነው። ፈንታሌም ቅልጥ ድንጋይ ካፈሰሰ 200 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ እንደ ፕሮፌሰር አታላይ አየለ ያሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በየሬዲዮው እየቀረቡ ያስረዱ ነበር። የእነሱ ንግግር ግን የጥያቄ ምልክት የለውም፤ አያስሮጥም።

ቪዲዮው እንዲህ የሚንዛዛበት ምክንያት ገንዘብ ነው። ዩቲዩብ ላይ ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል 1,000 ተከታይና በዓመት 4,000 የታየ ሰዓት ይጠየቃል። ከ8 ደቂቃ የበለጠ ቪዲዮ ደግሞ መሃሉ ላይ ማስታወቂያ ይገባበታል። ስለዚህ መልሱ መጨረሻ ላይ ይቀበራል፤ እናትየው በጭንቀት የቆሙበት ጊዜ ለሌላው ሒሳብ ሆኖ ይቆጠራል። የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ነገር ግን «ደረሰ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ደርሷል አላለም። ሦስቱ ነጥቦችና ያቺ ጠማማ ምልክት መሸሸጊያው ናቸው።

«ሰበር» የሚለው ቃል ራሱ ያሳዝነኛል። የተለመደውን ስርጭት አቋርጦ የሚገባ፣ ሰውን ከሥራው የሚያስቆም ዜና መጠሪያ ነበር። ዛሬ የዘፋኝ ፍቺም፣ የተጫዋች ዝውውርም ሰበር ነው። ምድር በእውነት ስትናወጥ በምን እንጥራው?

ርዕስ የምትጽፉ ወንድሞችና እህቶች፣ የምታውቁትን ርዕሱ ላይ አስቀምጡት። «መተሐራ፤ ነዋሪዎች ሌሊቱን ውጭ አደሩ» ብትሉ ሰው ይከፍተዋል፤ ባይከፍተውም አውቆ ያልፋል።

የእማማ ልጅ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ደወለ። ውጭ ነበር ያደረው፤ ደህና ነው።