ተመልሶ ክር የሚሆን ልብስ

እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ጎጃም በሚወስደው አውራ ጎዳና ቁልቁል የወረደ መንገደኛ፣ ሱሉልታ ሲደርስ አስቀድሞ የሚቀበለው ብርድ ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። ክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ ጥቅምት ላይ ሣሩ ይታጨድና በመንገዱ ግራና ቀኝ የድርቆሽ ክምር ይቆማል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ውርጭ ይወርድበታል። ጎሕ ሳይቀድ ወተቱን ይዞ መኪና የሚጠብቀውን ገበሬ፣ በአስፋልቱ ዳር ትንፋሹን እንደ ጢስ እየተፋ የሚሮጠውን አትሌት፣ ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ የሚገሠግሠውን ተማሪ፣ ሁሉንም አንድ ልብስ ያስተባብራቸዋል። ያም ልብስ ሹራብ ነው።

ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በምንጩ ትርጉሙ የእግር ልብስ ማለት ነበር። አማርኛ ቃሉን ከእግር አንሥቶ ደረት ላይ አወጣው። ከዚያም ለእግሩ «የእግር ሹራብ»፣ ለእጁ «የእጅ ሹራብ» ሲል ቅጽል አበጀለት፤ ኋላ ደግሞ «ካልሲ»ን ከኢጣልያንኛ ተዋሰ። ዳንቴልና ኪሮሽ ከፈረንሳይኛ የገቡ ናቸው። ይህ የቃላት ጉዞ ከንቱ ጨዋታ እንዳይመስል፣ አንድ ነገር ማከል ይገባል። በዓለም ከተገኙት የሹራብ ሥራዎች ሁሉ እጅግ ጥንታውያን የሚባሉት፣ ከ11ኛው እስከ 14ኛው ምእተ ዓመት ባለው ጊዜ እንደ ተሠሩ የሚገመቱ፣ በግብፅ የተገኙ የጥጥ የእግር ሹራቦች ናቸው። ስለዚህ ቃሉ ከእግር መነሣቱ ከታሪኩ ጋር ይስማማል።

ሹራብን ከሸማ የሚለየው ግን ስሙ አይደለም። ሸማ ድርና ማግ ነው፤ ሁለት ክር ተጠላልፎ የሚቆም ጨርቅ ነው። ሹራብ አንድ ክር ብቻ ነው። ቀለበት በቀለበት ውስጥ እየገባ፣ አንዱ ሌላውን ይዞ ይቆማል እንጂ ሌላ ምሰሶ የለውም። ሸማ ሲያረጅ ይጣፋል፣ መጨረሻውም ጨርቅ ነው። ሹራብ ግን ጫፉ ከተገኘ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ይተረተርና እንደገና ክር ይሆናል።

ከአውራ ጎዳናው ጥቂት ገባ ብሎ በሚገኝ የቆርቆሮ ቤት የሚኖሩ አንዲት ጡረተኛ መምህርት ይህን የሹራብ ጠባይ ጠንቅቀው ያውቁታል። ሠላሳ ዓመት ያህል ሒሳብ አስተምረዋል። ሹራብ መሥራት መተዳደሪያቸው ሆኖ አያውቅም፤ አንድም ቀን ሠርተው አልሸጡም። ጎረቤቶቻቸው ሥራውን «ጊዜ ማሳለፊያ» ይሉታል። እርሳቸውም ቃሉን አይቃወሙም፤ ጊዜን በከንቱ ከማሳለፍ በክር ማሳለፍ ይሻላል ይላሉ።

ከአልጋቸው ግርጌ የሚቀመጠው ትልቅ ቅርጫት ያላለቀ ሥራ ጎተራ ነው። ከሥር ለሬድዮ ልብስ ተብሎ የተጀመረ ነጭ ዳንቴል አለ። ሬድዮው ተበላሽቶ ከቤት ከወጣ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ኪሮሹ ግን ዛሬም ከመጨረሻው ቀለበት አልወጣም። በዳንቴሉ ላይ ለጎረቤት አራስ ልጅ የታሰበ ቢጫ ሹራብ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሕፃኑ ከሥራው ቀድሞ አደገና እጅጌው አጠረው፤ አሁን ሹራቡ የሚቀጥለውን አራስ ይጠብቃል። የጀመረውን የማይጨርስ ተማሪ በመምህርቷ ክፍል ምሕረት አልነበረውም። ለቅርጫታቸው ግን ልባቸው ይራራል።

ከሁሉ በላይ ቡናማው ሹራብ አለ። ታሪኩ የሚጀምረው እርሱ ሹራብ ከመሆኑ በፊት ነው።

ባለቤታቸው የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። በ1970ዎቹ፣ የውጭ ዕቃ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ፣ መምህርቷ ከሰልባጅ ገበያ አንድ ሰፊ ቡናማ የሱፍ ሹራብ ገዙ። የባሕር ማዶ ሰው ለብሶ የጣለው ነበር። ያን ተርትረው፣ አጥበው፣ ለባለቤታቸው ልክ እንደገና ሠሩት። ሾፌሩ ሹራቡን ሱሉልታ ላይ ይለብሱታል፤ በጫንጮና በሙከጡሪ አልፈው፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዐባይ በረሃ ሲወርዱ ያወልቁታል፤ ድልድዩን ተሻግረው ደጀን ሲወጡ እንደገና ይለብሱታል። እንዲህ ሲለበስና ሲወልቅ ዓመታት ሄዱ። ባለቤታቸው ሲያርፉ፣ ተስካሩ ከወጣ በኋላ ልብሱ ሁሉ ለዘመድና ለነዳያን ተከፋፈለ። ያ ሹራብ ብቻ ከምስማሩ ላይ ቀረ።

ብዙ ዓመት እንደ ተሰቀለ ቆየ። ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም ነበር፤ ያጥቡታል፣ ፀሐይ ያሞቁታል፣ መልሰው ይሰቅሉታል። አንድ ቀን ግን ብብቱ ሥር አንድ ቀዳዳ አዩ፤ በሳምንቱ ሦስት ሆነ። ብል ገብቶበታል። እንግዲህ ምርጫው ሁለት ነበር። ወይ ብሉ ይጨርሰዋል፣ ወይ እርሳቸው ይፈቱታል። ይህ ውሳኔ ስንት ሌሊት እንደ ፈጀ የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ናቸው። በመጨረሻ መቀስ አንሥተው የብብቱን ስፌት ፈቱ። ለልጃቸው ሊሠሩት ነው፤ እርሱም እንደ አባቱ በዚያው መንገድ ላይ ሾፌር ነው።

መተርተር ከመሥራት የቀለለ ይመስላል፤ አይደለም። ስፌቱ ቀለበቱን ሳይቆርጡ በጥንቃቄ ይፈታል። ጫፉ የሚገኘው ሥራው በተዘጋበት በኩል ነው፤ ከሌላው ወገን ቢስቡት ይቋጠራል። የወጣው ክር ከነጥምዝምዙ፣ ቀለበት የነበረበትን እያስታወሰ ይመጣል። በወንበር መደገፊያ ላይ ይጠመጠማል፣ በአራት ቦታ ላላ ተደርጎ ይታሰራል፣ ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል፣ ከሥሩ ክብደት ታስሮበት ይሰቀላል። ሱፍ ከሆነ ጥምዙን ይረሳል። ከዚያ እንደ ጥንቱ ፈትል ይጠቀለልና ልቃቂት ይሆናል።

ነገር ግን በእያንዳንዱ ፍቺ የሚጠፋ ክር አለ። ክርኑ አልቋል፤ ብብቱን ብል በልቶታል። ለአንድ ጎልማሳ ሹራብ እንደ ክሩ ውፍረት 500 ወይም 600 ግራም ያስፈልጋል። መምህርቷ ልቃቂቶቹን ከባለ ሱቁ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጧቸው ከ400 ግራም ብዙም አላለፉም። ልጅየው ደግሞ ከአባቱ ይረዝማል። የሒሳብ መምህር ናቸውና ተቀምጠው አሰሉት። ደረትና ጀርባ እያንዳንዳቸው 100 ቀለበት በ170 ረድፍ፣ 34,000 ቀለበት ይሆናሉ፤ ሁለቱ እጅጌዎች ሲጨመሩ 50,000 ይጠጋል። ክሩ ለደረት፣ ለጀርባና ለአንድ እጅጌ ይበቃል። አንድ እጅጌ ይጎድላል።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ማለዳ የጣት ርዝመት ያህል ቡናማ ክር በመሐረባቸው ቋጥረው በሚኒባስ ወደ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያም ወደ መርካቶ ወረዱ። ክር ፈላጊ መርካቶ ሲገባ ዐይኑ ከእግሩ ይቀድማል። ከመደርደሪያው ላይ እንደ ፍራፍሬ የተከመረው ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ልቃቂት እጅ ይጠራል። መምህርቷ ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ መሐረባቸውን ይፈታሉ፣ ክሩን ከክር አጠገብ ያስተያያሉ፣ መልሰው ይቋጥራሉ። አንዱ ቡናማ ወደ ቀይ ያደላል፤ ሌላው ወደ ግራጫ። ከአንድ ፋብሪካ የወጣ አንድ ዓይነት ቀለም እንኳ በተለያየ ዙር ከተነከረ እንደማይገጥም፣ የዙሩ ቁጥርም ለዚህ ሲባል በመጠቅለያው ወረቀት ላይ እንደሚታተም ያውቃሉ።

«እናቴ፣ ይኸውልዎ ቡናማ! ንጹሕ ሱፍ ነው» አላቸው አንድ ወጣት ነጋዴ።

«ልጄ፣ ክብሪት አለህ?»

ልጁ ሳቀ፤ ክብሪቱን ግን ሰጣቸው። ሱፍ እሳት ሲነካው እንደ ተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፤ ዐመዱም በጣት ሲነኩት ይደቅቃል። የነጋዴው ክር ቀለጠና እንደ ዶቃ ጠጠረ። አክሪሊክ ነው፤ ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ የሚሠራ ክር።

«እሺ አክሪሊክ ይሁን፤ ግን እናቴ፣ ይኼን ብል አይበላውም፤ ዋጋውም ይቀንሳል» አለ ልጁ ሳያፍር።

እውነቱን ነው። አክሪሊክን የሚያንቋሽሽ ሰው ለአምስት ልጆች ሹራብ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ነው። ብልን የሚያሸንፈው ይኸው ክር ነው፤ የድሀውን ልጅ ከውርጭ ያዳነውም እርሱ ነው። ይሁን እንጂ የሱፍ ገላ ላይ የአክሪሊክ እጅጌ ቢቀጥሉበት በመታጠብ ብዛት አንዱ ይሰበሰባል፣ ሌላው እንዳለ ይቀራል። መምህርቷ ቡናማ ሳያገኙ ተመለሱ። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ ማለት ግን አይደለም፤ አራት ልቃቂት ቀይ ክር ገዝተዋል። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልወሰኑም።

ከሠላሳ ሚሊዮን በላይ በግ ያላት አገር አንድ እጅጌ የሚሆን ሱፍ ከገበያ ማጣቷ መጠየቅ ያለበት ጉዳይ ነው። መልሱ ከበጉ ይጀምራል። አብዛኛው የኢትዮጵያ በግ አጭር ጸጉር ነው። ሱፍ የሚያወጣው የደጋው በግ፣ በተለይም የመንዝ በግ ነው። በመንዝ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ፤ ባናና ዝተት የሚባሉት ብርድ ልብሶች ከዚያ ይወጣሉ። ደብረ ብርሃንም የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያቆመችው በዚሁ ምክንያት ነው። ግን የመንዝ ሱፍ ሻካራ ነው፤ ለአልጋ ይስማማል፣ አንገት ላይ ይኮሰኩሳል። በደብረ ብርሃንና በመንዝ አመድ ጉያ የተቋቋሙት የበግ ማርቢያ ማዕከላት እንደ ኮሪዴልና አዋሲ ካሉ የውጭ ዝርያዎች ጋር ማዳቀል ሞክረዋል። ገበሬው ግን በግን የሚመዝነው በሥጋው ነው፤ በግ የሚገዛውም ሰው ሱፉን ዳስሶ አይከራከርም።

መፍትሔው የመጣው ከአጥር ማዶ ነው። ላሞችና ጥቂት በጎች የምታረባ አንዲት ጎረቤት ለገና ቡናማ በግ አርዳ ነበር። የበግ ቆዳ ዋጋው ወድቆ በበዓል ማግሥት በየሜዳው ሲጣል በታየበት በዚህ ዘመን፣ ቆዳውን የሚገዛት አላገኘችም።

«አዴ፣ ይህ ለሥራዎ አይሆንም?» ብላ በአጥሩ ላይ ዘረጋችላቸው።

መምህርቷ ሱፉን በመቀስ ሸለቱት። ጉድፉን ለቅመው፣ ስቡ እስኪለቅ ደጋግመው በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠቡት፣ በጣታቸው ፈለቀቁት። ከዚያ ከሣጥናቸው የእናታቸውን እንዝርት አወጡ። እናታቸው ጥጥ ሲዳምጡ፣ ሲነድፉና ሲፈትሉ የኖሩ ሴት ነበሩ፤ ልጃቸውን ግን ከእንዝርት ነጥለው ትምህርት ቤት ሰደዷት። ያች ልጅ ፊደል ስትቆጥር ፈትሉን ተወች፤ ከሃምሳ ዓመት በላይም እንዝርት አልያዘችም። አሁን በጭናቸው ላይ እንዝርቱን ሲያሾሩት የመጀመሪያው ክር ተበጣጠሰ፤ ሁለተኛው እንደ ትል ጎረበጠ። ጥጥ የለመደ እጅ ሱፍን ያጠብቀዋል፤ ሱፍ ደግሞ መላላት ይወዳል። በሦስተኛው ቀን እጃቸው የጥንቱን አስታወሰ። ሁለቱን ነጠላ ክር አንድ ላይ ገመዱና አንድ ልቃቂት ሆነ።

በዐውደ ርእዮቻችን ላይ ሸማው፣ ጥልፉ፣ ስፌቱ የክብር ቦታ አለው፤ ሊኖረውም ይገባል። ሹራብ ሲሰቀል ግን አይታይም። አንዱ ምክንያት ባህር ተሻግሮ የመጣ ሙያ ነው መባሉ ነው። ይህ ክርክር አያዋጣም፤ ከውጭ የመጣውን ሁሉ ብናወጣ ከግድግዳው የዘይት ቀለም ሥዕሎች መካከል ስንቱ ይተርፋል? ሁለተኛው ምክንያት ሹራብን ፋብሪካ ይሠራዋል የሚለው ነው። በእርግጥም ዛሬ ከሱሉልታና ከቡራዩ ጋር በሸገር ከተማ ሥር የተዋቀረችው ሰበታ ይህን አይታለች። አይካ አዲስ የተባለው የዓለም ገና ፋብሪካ ጥጥ ፈትሎ፣ ካናቴራ እየሰፋ ወደ ጀርመን ይልክ ነበር። ካናቴራም በአሠራሩ ሹራብ ነው፤ ቀለበቱ አነሰ እንጂ። ከሺህ የሚበልጡ መርፌዎች ያሉት መኪና መምህርቷ በወር የሚሠሩትን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ያ ካናቴራ ግን በመቀስ ተቆርጦ የተሰፋ ነውና ሲተረትሩት ብጥስጣሽ ነው የሚሆነው። የእጁ ሹራብ ለሙዚየም የማይመቸውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ደግ ሹራብ ሠሪ ሥራዋን ለሌላ ሥራ ታፈርሰዋለች፤ የሚቀረው ክሩ ነው።

የጎረቤቷ በግ ሱፍ ከአሮጌው ክር ጠቆር ይላል። አንዱ እጅጌ ቡናማ፣ ሌላው ጥቁር ቡናማ ሊሆን ነው። መምህርቷ ሁለት ሳምንት ሲያዩት ሰነበቱና ያለቀውን እጅጌ ተረተሩት። አሁን ሁለቱንም እጅጌዎች ከትከሻ እስከ ክርን በባለቤታቸው ክር፣ ከክርን በታች ደግሞ በአዲሱ ሱፍ እየሠሩ ነው። ሾፌር መሪ ሲይዝ ቶሎ የሚያልቅበት ክርኑና የእጅጌው ጫፍ ነው፤ በሚያልቅበት በኩል ሊተካ የሚችለው ክር ቢውል ይሻላል። ሥራውንም ከትከሻ ወደ ታች ጀምረውታል፤ ወደ ፊት ጫፉን ብቻ ፈትቶ መቀጠል እንዲቻል።

ልጃቸው ባለፈው ሐሙስ ማታ ከደጀን ደወለ። ብርዱ እንዳየለ ነገራቸውና ጠየቀ፤

«እማዬ፣ ሹራቡ አላለቀም?»

«ከብብትህ እስከ አንጓህ በገመድ ለክተህ ንገረኝ» አሉት።

«ባለፈው ወር ነግሬሽ አልነበር?»

«ያንንማ ፈታሁት።»