ሞራ የሚሉት ነገር

አማርኛ በሽታውን «የዓይን ሞራ» ይለዋል። ሞራ የታረደ ከብት ሆድ ዕቃ ላይ የሚገኘው፣ እንደ መረብ የተዘረጋው ነጭ ስብ ነው። እንግሊዝኛው ቃል ከግሪክ በላቲን በኩል የመጣ ሲሆን ፏፏቴ ማለት ነው፤ ዓረቦች «ነጭ ውኃ» ይሉታል። ንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ ለምናጠና ሰዎች ሦስቱን ምስሎች ጎን ለጎን ማየት ደስ ይላል። ሦስቱም ግን ያሳስታሉ። ከላይ የሚጋርድም፣ የሚወርድም ነገር የለም። የሚደፈርሰው ከብሌኑ በስተኋላ ያለው የዓይን ሌንስ ራሱ ነው፤ ጥርት ያሉት ፕሮቲኖቹ ከዕድሜ ጋር ይጓጉላሉ። ያን ጊዜ የማታ የመኪና መብራት ይበተናል፣ ነጩም ወደ ቢጫ ያደላል።

ሬክስዴል ለምትኖረው እናቴ ነገሩ የቃል ጨዋታ አልነበረም። ሞራ ይገፈፋል፤ የሚገፈፍ ደግሞ ቆዳ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓመት እምቢ አለች። «ይብሰልና ይታያል» ትላለች። ድሮ እስኪበስል ይጠበቅ ነበር፤ ዛሬ አያስፈልግም። እሷ ግን አልቢዮን መንገድ ላይ የአውቶቡሱን ቁጥር ሰው እየጠየቀች፣ ዳዊቷን ዘግታ በቃሏ እየደገመች ቆየች።

በመጨረሻ ሞራ የሚለውን ቃል ተውኩት። «እማዬ፣ የደፈረሰው የመስኮቱ መስታወት ነው። አውጥተው ሌላ ይገጥሙልሻል» አልኳት። ሥራውም ይኸው ነው፤ ዓይኑ በጠብታ ይደነዝዛል፣ ከሦስት ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ቀዳዳ የገባ መሣሪያ አሮጌውን ሌንስ በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ ይመጠዋል፣ ታጥፎ የገባው ሰው ሠራሽ ሌንስም ውስጥ ይዘረጋል። የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ሌንስ ሃሮልድ ሪድሊ ለንደን ውስጥ በ1949 እ.ኤ.አ. ተከለ። የጦር አውሮፕላን መስኮት ስባሪ ዓይናቸው ውስጥ የቀረባቸውን አብራሪዎች አይቶ፣ ፕላስቲኩን ዓይን እንደሚችለው ተረድቶ ነበር።

አንዱ ዓይኗ በተሠራ በሳምንቱ እናቴ ዓይኖቿን በየተራ እየሸፈነች ነጠላዋን አየች። በአዲሱ ነጭ፣ በአሮጌው የገብስ ጠላ መልክ። ስንት ጊዜ በበረኪና የዘፈዘፈችው ነጠላ ለካ ንጹሕ ነበር።

በዚያው ቀን ዳባት አጠገብ ላለችው እኅቷ ደወለች። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው አገር አቀፍ ጥናት እንደሚለው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ ከሞራ የመጣ ነው፤ አክስቴም ከጎረቤት ፊት ከለየች ቆይታለች። «ገፈፋ አይደለም፣ መስታወት መቀየር ነው» አለቻት እናቴ።

«እሱስ ይሁን፤ ጎንደር ድረስ ማን ይወስደኛል?» አለች አክስቴ።

ለዚህ የሚሆን ቃል አልነበረኝም። ለልጅ ልጇ ደውዬ ቀን ቆረጥን።