በጊቤና በኦሞ ውኃ ላይ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በወልቂጤ በኩል ወደ ጅማ የሚጓዝ መንገደኛ ሁሉ የጊቤን በረሓ ያውቀዋል። መኪናው ከደጋው እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጆሮ ይደፈናል፤ ካፖርት ይወልቃል፤ ከወንዙ ሲደረስም ሙቀቱ ፊትን ይገርፋል። ድልድዩን ተሻግሮ መኪናው እያቃሰተ ወደ አበልቲ መውጣት ሲጀምር ግን የወንዙ ነገር ይረሳል። እኛም ብዙ ጊዜ እንዲሁ አልፈነዋል። መሻገሩን ትተን ከወንዙ ጋራ አብረን ለመውረድ የቆረጥነው በጥቅምት ወር 1997 ዓ.ም. ነበር።

ስምንት ሰዎች ስንሆን፥ የያዝናቸው በነፋስ የሚነፉ ሁለት የጎማ ጀልባዎች ነበሩ። ሁለቱ ጓደኞቻችን ወንዙን ቀደም ብለው የወረዱት ስለ ሆነ መሪዎቻችን እነርሱ ናቸው። ከቀሩት መካከል ዕድሜያቸው ከኀምሳ ያለፈ፥ ዘመናቸውን በመሬት ቅየሳ ሥራ ያሳለፉ አንድ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። አብሯቸው የመጣው የእኅታቸው ልጅ ገና ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ጐበዝ ነው። ስለ እነዚህ ስለ ሁለቱ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ጊቤ ከድልድዩ በታች ዋቤን ከምሥራቅ፥ ግልገል ጊቤን ከምዕራብ፥ ወደ ታች ወርዶም ጎጀብን ይቀበላል፤ ስሙም ይለወጥና ኦሞ ይባላል። ርዝመቱ 760 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከባሕር ሳይደርስ በቱርካና ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ሐይቁ አብዛኛው ክፍሉ በኬንያ ግዛት ነው፤ ከሚገባለትም ውኃ ከመቶው ዘጠናውን ያህል የሚሰጠው ይኸው ወንዝ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የውጭ አገር ተመራማሪዎች የኦሞ መጨረሻ ወዴት እንደ ሆነ ይከራከሩ ነበር፤ ኢጣሊያዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1896 ዓ.ም. ወርዶ ከሐይቁ መግባቱን አረጋገጠ። በዳርቻው የሚኖሩት ሰዎች ግን ይህን ቀድሞውንም ያውቁት እንደ ነበረ መናገር አያስፈልግም። በጎማ ጀልባ የወረዱት ደግሞ በ1973፥ እንደዚሁ በፈረንጅ አቆጣጠር፥ ሪቻርድ ባንግስ የተባለው አሜሪካዊና ጓደኞቹ ናቸው። ያቋቋሙትንም የጉዞ ድርጅት በጥንታዊት ግብፅ የአዞ አምላክ ስም ሶቤክ ብለው ጠሩት። ኦሞን ያየ ሰው በስሙ አይደነቅም።

ለዚህ ጉዞ የሚመረጠው ጊዜ ክረምቱ እንደ ወጣ ነው። በክረምቱ መካከል ውኃው ግንድ እየጠረገ ስለሚመጣ አያስቀርብም፤ በበጋው ደግሞ ይጐድልና ድንጋዩ አላሳልፍ ይላል። በጥቅምት ግን ልኩ ነው። ቀለሙ አፈር ከደጋው ስለሚያወርድ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል፤ ከዐለት ጋራ በተጋጨ ጊዜ ብቻ እንደ ጥጥ ይነጣል።

በመጀመሪያው ቀን መሪያችን ውኃ ማንበብ አስተማረን። ማንበብ ያልነው በዘፈቀደ አይደለም፤ በእርግጥ ማንበብ ነው። ውኃው በሁለት ድንጋዮች መካከል ሲያልፍ ለስላሳና ጠቆር ያለ ምላስ ያወጣል፤ የምላሱ ጫፍ ወደ ታች ካመለከተ መንገዱ በዚያ ነው። ጫፉ ወደ ላይ፥ ወደ መጣንበት፥ ያመለከተ እንደ ሆነ ግን ከሥሩ የተደበቀ ድንጋይ አለና መራቅ ይገባል። ከሁሉ የሚከፋው በትልቅ ዐለት ላይ ዘሎ የወደቀው ውኃ ተጠቅልሎ ወደ ኋላ የሚመለስበት ጉድጓድ ነው፤ ያገኘውን ነገር ይዞ ያንከባልላል፥ ቶሎም አይለቅም። ከጀልባ የወደቀ ሰው በጀርባው ተንጋሎ እግሩን ወደ ታች ማስቀደም አለበት። ለመቆም ከሞከረ እግሩ በድንጋይ መካከል ተሰንቅሮ ውኃው ይደፍቀዋል። ይህን ሁሉ ጋሼ በትንሽ ደብተር ጻፉት፤ ደብተሩንም በላስቲክ ጠቅልለው ከሰደርያቸው ውስጥ ከተቱት።

በሁለተኛው ቀን ጠቡ ተነሣ። አንድ ክፉ ቦታ ላይ ስንደርስ ጋሼ ወርደን ዕቃውን በዳር እንሸከመው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ይኸኔ የእኅታቸው ልጅ በሰው ፊት፥

«ጋሼ፥ ፈርተው ከሆነ እርስዎ በእግር ይምጡ፤» አላቸው።

እርሳቸው አልመለሱለትም። ዝም ብለው ገብተው ተቀመጡ። እኛም በጀልባው ቀኝና ግራ ተቀምጠው ሁለት ቀን ሙሉ ሳይነጋገሩ አየናቸው። በቤት ውስጥ የተኳረፉ ሰዎች ቢያስቸግሩ የሚያስቸግሩት ምሳ ላይ ነው፤ በጀልባ ላይ ግን ኩርፊያ ሌላ ነገር ነው። ቀዛፊዎቹ በአንድ ልብ ካልሳቡ ጀልባው አይቀናም።

በዚህ መካከል አገሩ እየጠበበ፥ ግራና ቀኙ ጥቁር ገደል እየሆነ ሄደ። ከገደሉ አፋፍ ቀጫጭን ፏፏቴዎች ይወርዳሉ፤ ጉሬዛዎች ነጭ ካባቸውን እያርገበገቡ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዘላሉ። ውኃው ጸጥ ባለበት ሁሉ ጉማሬ አለ። መሪያችን ጥልቁን ለጉማሬ ትቶ በጥልቀቱ አነስተኛ በሆነው ዳር ይወስደናል፤ ከሥራችን እንዳይወጡብንም መቅዘፊያውን በውኃው ላይ እያጮኸ ይመታ ነበር። አዞ ሲመጣ ጩኸትና ድንጋይ ይበቃዋል ይላሉ፤ ለዚህም በጀልባው ውስጥ ድንጋይ ቈልለን እንሄድ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከአዞው ይልቅ ጉማሬውን ፈርተናል።

በአራተኛው ቀን ከቀትር በፊት ነጐድጓድ የመሰለ ድምፅ ሰማን። መሪያችን ጀልባዎቹን ከዳር አስጠግቶ በእግር ወስዶ አሳየን። ወንዙ ተሰብስቦ በአንድ ምላስ ይወርዳል፤ ከምላሱ በስተቀኝ ቤት የሚያህል ዐለት፥ ከዐለቱም ሥር ያ የተነገረን ጉድጓድ አለ። ከዚያ በታች ውኃው ተኝቶ ይታያል፤ በተኛው ውኃ ላይ ደግሞ የጉማሬዎች ጆሮ። ማለፊያው በግራ ነው፤ ቅዘፉ ባለ ጊዜ ሁላችንም እኩል እንድንስብ አዘዘን።

ትእዛዙ በመጣ ጊዜ በቀኝ የተቀመጠው ወጣት ባለ ኀይሉ ሳበ፤ በግራ ያሉት ጋሼ ግን ዘገዩ። ጀልባው ዞረና ጎኑን ለውኃው ሰጠ። ከዚያ በኋላ ያየነውን በቅደም ተከተል ለመጻፍ ያስቸግረናል። ወደ ጉድጓዱ ወደቅን፤ የግራው ጎን ሰጠመ፤ ውኃው ሞላብን፤ ጀልባው ሲተፋን ጋሼ የነበሩበት ቦታ ባዶ ነበር።

ሰደርያቸው ወደ ላይ አወጣቸው። ተንጋለው፥ እግራቸውን አስቀድመው፥ እንደ ተማሩት ይወርዳሉ፤ ወደ ጉማሬዎቹ ግን ሠላሳ ክንድ ያህል ቢቀር ነው። ልጁ ገመዱን ወረወረ፤ አልደረሰላቸውም። ሰብስቦ እንደገና ወረወረ፤ ያዙት። ወደ ጀልባው ስቦ ሲያወጣቸው እጁ በገመድ ተልጦ ይደማ ነበር።

«ጋሼ፥ ይማሩኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤» አለ እያለቀሰ።

እርሳቸው የጠጡትን ውኃ ሲያስሉ ቆይተው፥

«መጀመሪያ ስትወረውር ወደ ግራ አብዝተኸዋል፤» አሉት። ከዚያም አንገቱን አቅፈው ሳሙት። መሪያችን ጀልባውን ወደ ዳር እንድንቀዝፍ ለመነን፤ ለካ ሁላችንም መቅዘፋችንን ትተን ነበር።

ማታ እሳት ዳር ጋሼ የራሰውን ደብተር አውጥተው የወንዙን መታጠፊያ፥ የዐለቱን ቦታና የምላሱን አቅጣጫ እንደ ልማዳቸው በጥንቃቄ ነደፉ። ስም ጻፉለት፤ «አስታራቂ» አሉት።

ዛሬ አስታራቂን የሚያየው የለም። በ1998 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ግድብ ሥራ ተጀመረ፤ ከ240 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ግድብ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ከጀርባው የተኛው ሐይቅ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ዘልቆ ያን ገደል ሞልቶታል። ግድቡ 1,870 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራ ነው፤ በኩራዝ ያጠና ሰው መብራትን አይነቅፍምና እኛም አንነቅፍም። ነገር ግን በታችኛው ኦሞ ያሉ እንደ ዳሰነች ያሉ ሕዝቦች ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በተወው እርጥብ መሬት ላይ ማሽላ የሚዘሩ ነበሩ፤ ሙላቱ በግድቡ ከታገደ ወዲህ የእነርሱ እርሻ ችግር ላይ መውደቁን ሳናነሣ ብናልፍ ጽሑፋችን ጐዶሎ ይሆናል። የእኛ ጉዳት ከዚህ ጋራ ሲነጻጸር የጨዋታ ቦታ ማጣት ብቻ ነው።

ከድልድዩ ሥር ያለው ውኃ አሁንም ይፈሳል። ወደ ጅማ በሄድን ቁጥር መኪናውን አቁመን ጥቂት እናየዋለን። የጋሼ ደብተር በእኅታቸው ልጅ ዘንድ ይገኛል፤ «አስታራቂ» የሚለው ገጽ ውኃ ስለ ነካው ቀለሙ ፈስሷል፤ ጽሕፈቱ ግን ይነበባል።